ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ሲያወጡ፦ የቤተ ክርስቲያን ጥገኝነት በፍራንክፈርት



ባለፈው ዓመት ኅዳር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ከትምህርት ወጥቼ በቀጥታ ወደ አንድ የፕሮቴስታንት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሄድኩ። ለጸሎት አልነበረም፤ እኔ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው። የሄድኩት ለአንዲት እህታችን ላስተረጉም ነው። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ዘጠኝ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዷ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ አንዱ የባቡር ሠራተኛ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ የሒሳብ ባለሙያ፣ ሌላዋ ገና የሕግ ተማሪ ናት። ፓስተሯም ከመካከላቸው ተቀምጣለች። ሻይና ብስኩት ቀርቧል። በአጀንዳው ላይ ከጣሪያ ጥገናና ከገና በዓል ዝግጅት ቀጥሎ፣ በሦስተኛ ተራ የተጻፈው የእህታችን ጉዳይ ነበር።

እህታችን ጀርመን ከመድረሷ በፊት በሌላ የአውሮፓ አገር አሻራ ሰጥታለች። በዚያ አገር ለወራት ጎዳና ላይ አድራለች፤ የደረሰባትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። አሁን ወደዚያው እንድትመለስ የሚያዝ ደብዳቤ ደርሷታል። እነዚህ ዘጠኝ ሰዎች ተወያይተው፣ እጃቸውን አውጥተው፣ «ትግባ» ወይም «አትግባ» ብለው ሊወስኑ ነው።

ከዚያ ማታ ወዲህ ብዙ ጓደኞቼ ይጠይቁኛል። ነገሩ ሕጋዊ ነው ወይ? ለፕሮቴስታንት ብቻ ነው ወይ? ፖሊስ አይገባም ወይ? ስንት ይከፈላል? እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ይህ ጽሑፍም የጠበቃ ምክር አይተካም። ያየሁትንና ያነበብኩትን ግን ላካፍላችሁ። (ከእህታችን ቃል በስተቀር እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ለምን እንዲህ እንደተጠነቀቅሁ ወደ ታች ስትደርሱ ይገባችኋል።)

ሽማግሌ ማለት

መጀመሪያ የገረመኝ ውሳኔውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ነው። እኔ ጳጳሱ ወይም ፓስተሯ «ይሁን» ካሉ ያበቃል ብዬ ነበር። እንዲያ አይደለም። የሚወስነው በምእመናኑ የተመረጠው የአጥቢያው ጉባኤ ነው፤ ፓስተሯ ያላት አንድ ድምፅ ነው።

ይህ አሠራር ከተሐድሶው ዘመን፣ በተለይ ከካልቪን ተከታዮች የመጣ ነው። «ፕሬስቢቴሪያን» የሚለው ስም ራሱ የወጣው «ፕሬስቢቴሮስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሽማግሌ ማለት ነው። በነገራችን ላይ እኛ «ቀሲስ» የምንለውም ከሱርስት የመጣ ቃል ነው፤ መነሻ ትርጉሙ ያው ሽማግሌ ነው። ልዩነቱ እዚህ ሽማግሌ የሚባለው በዕድሜ የገፋ ወይም የተቀባ ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። በእኛ አካባቢ ባለው የሔሰንና ናሳው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው አባል ለስድስት ዓመት ሊመረጥ ይችላል፤ ወንድም ሴትም። ይህች ቤተ ክርስቲያን ሉተራኑንም፣ የካልቪን ወገኖችንም፣ የተዋሐዱትንም በአንድ ላይ ትይዛለች፤ አስተዳደሯ ግን ከታች ወደ ላይ በተመረጡ ጉባኤዎች የቆመ ነው።

በ1947 ስትመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቷ ማርቲን ኒሞለር ነበሩ። ሂትለርን ተቃውመው ዛክሰንሃውዘንና ዳካው በተባሉት የማጎሪያ ካምፖች ታስረው የወጡ ፓስተር ናቸው። እዚህ አገር «መንግሥት ከልክሏልና እኛ ምን እናድርግ» የሚለው አነጋገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቀላሉ የማያልፈው በዚህ ታሪክ ምክንያትም ነው።

ጆን ኖክስ የፍራንክፈርት ስደተኛ

የፍራንክፈርትን ታሪክ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ደግሞ የበለጠ አስገረመኝ። በዚህች ከተማ የካልቪን ተከታዮችን ቤተ ክርስቲያን የተከሉት ስደተኞች ናቸው።

በ1554 ቫሌራን ፑላን የተባለ ፓስተር የዋሎን ስደተኞችን ይዞ መጣ። ሸማኔዎች ነበሩ። መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ተሰደው ግላስተንበሪ በተባለች ከተማ ሠፍረው ሳለ ካቶሊኳ ንግሥት ሜሪ ስለነገሠች እንደገና መሰደድ ግድ ሆነባቸው። የፍራንክፈርት ምክር ቤት ተቀበላቸው። የእጅ ሙያቸው ለከተማዋ እንደሚጠቅም መታየቱ ሳይረዳቸው አልቀረም። ለአምልኮም ቫይስፍራውን የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን ሰጣቸው። በዚያው ዓመት እንግሊዛውያን ስደተኞችም ደረሱና ከእነሱ ጋር በፈረቃ እንዲጠቀሙ ተፈቀደላቸው።

የእንግሊዞቹ ፓስተር ሆኖ የተጠራው ማን መሰላችሁ? ጆን ኖክስ! ኋላ የስኮትላንድን ተሐድሶ የመራው፣ የፕሬስቢቴሪያን አባት የሚባለው ሰው። እዚህ የቆየው ግን ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ስደተኞቹ «በየትኛው የጸሎት መጽሐፍ እንጠቀም» በሚል ለሁለት ተከፈሉ። ተቃዋሚዎቹ የገዛ አገሩ ሰዎች «ንጉሠ ነገሥቱን ከኔሮ ጋር አመሳስሏል» ብለው ለከተማው ምክር ቤት አሳበቁበትና መጋቢት 1555 ከተማዋን ለቅቆ እንዲወጣ ተደረገ። የስደተኛ ማኅበር ለሁለት መከፈልና መካሰስ ከእኛ አልተጀመረም ማለት ነው!

ደስታውም ብዙ አልቆየም። በ1561 የሉተራኑ ከተማ ምክር ቤት የእነዚህን ሰዎች አደባባይ አምልኮ ከለከለ። ከፊሎቹ ለቅቀው ሄዱ። የቀሩት ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በገዛ ከተማቸው ቤተ ክርስቲያን ሳይኖራቸው ኖሩ። ለረጅም ዘመን እሑድ እሑድ ከከተማው ቅጥር ወጥተው ወደ ቦከንሃይም ይሄዱ ነበር። አዎ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አሮጌ ካምፓስ ያለበት፣ ብዙዎቻችን ቡና የምንጠጣበት ቦከንሃይም! ያኔ በሌላ ገዥ ሥር ያለ መንደር ነበር። በከተማዋ ውስጥ የጸሎት ቤት እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው በ1787 ነው፤ ያውም ግንብም ደወልም እንዳይኖረው ተብሎ።

ለጽሑፌ ዋናው ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1685 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የፕሮቴስታንቶችን መብት ሲሽር ሁጉኖት የተባሉት ፈረንሳውያን በአሥር ሺዎች ሆነው በፍራንክፈርት በኩል አለፉ። ስማቸውን እየመዘገበ፣ የመንገድ ገንዘብ እየሰጠ፣ ወደሚቀበሏቸው አገሮች ያሸጋገራቸው ይኸው የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች አጥቢያ ነው። ራሱ በከተማዋ ውስጥ የጸሎት ቤት ያልተፈቀደለት አጥቢያ! የፈረንሳይኛውም የጀርመንኛውም አጥቢያዎች ዛሬም በፍራንክፈርት አሉ። የቀድሞዋ ቫይስፍራውን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈረሰች፤ በዚሁ ስም ከዋናው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የተሠራችው አዲሷ ደግሞ ዛሬ ለችግረኞች አገልግሎት የቆመች ናት።

ከአሪዞና እስከ በርሊን

አሁን ያለው የጥገኝነት እንቅስቃሴ ሁለት መነሻዎች አሉት።

አንደኛው አሜሪካ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በአሪዞና በረሃ አድርገው ይገቡ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የእነዚያን አገሮች መንግሥታት ስለሚደግፍ የጥገኝነት ጥያቄያቸው በብዛት ይወድቅ ነበር። ቱሳን ከተማ ያለችው ሳውዝሳይድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በመጋቢት 1982 ለስደተኞች መጠጊያ መሆኗን በይፋ አወጀች። ፓስተሩ ጆን ፋይፍ ይባላሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ትንሽ ናት፤ የወሰነውም የአጥቢያው ሕዝብ በድምፅ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተ ክርስቲያኖችና ምኩራቦች ተከተሏት። መንግሥት ሰላዮችን በየስብሰባው አስገብቶ ከሰሳቸው፤ በ1986 ፋይፍና ሌሎች ጥፋተኛ ተባሉ፤ ፋይፍ በአምስት ዓመት ገደብ ተለቀቁ። ከስድስት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን እኒህኑ ሰው የጠቅላላ ጉባኤዋ ሰብሳቢ አድርጋ መረጠቻቸው።

ሁለተኛው መነሻ በርሊን ነው። ከማል አልቱን የሚባል የ23 ዓመት የቱርክ ወጣት ለቱርክ ተላልፎ እንዳይሰጥ እየፈራ፣ ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1983 ከፍርድ ቤቱ ስድስተኛ ፎቅ ዘለለና ሞተ። በዚያው ዓመት ክሮይትስበርግ ሰፈር ያለችው የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ከሊባኖስ የመጡ የፍልስጥኤም ቤተሰቦችን አስጠጋች። በጀርመንኛ «ኪርሸንአዙል» የሚባለው ነገር የተጀመረው በዚህ ነው። በ1994 በአገር አቀፍ ደረጃ ማኅበር ተቋቋመለት።

ፍራንክፈርት ላይ ደግሞ ጉዳዩ አውሮፕላን ማረፊያውን ይነካል። ከጀርመን የሚባረሩ ብዙ ሰዎች የሚወጡት በዚሁ በኩል ነው። ግንቦት 1999 ዓሚር አጊብ የተባለ ሱዳናዊ ከዚህ በተነሣ አውሮፕላን ውስጥ፣ እጅና እግሩ ታስሮ፣ የድንበር ፖሊሶች ጭንቅላቱን ወደ ታች ተጭነውት ሞተ። ከ2006 ጀምሮ የፕሮቴስታንትና የካቶሊክ የእርዳታ ድርጅቶች የቀጠሯቸው ታዛቢዎች በአውሮፕላን ማረፊያው ሰዎች ሲመለሱ ይከታተላሉ። በ2013 መጨረሻ ደግሞ በጣልያን በኩል የመጡ አፍሪካውያን በማይን ወንዝ ድልድይ ሥር ሲያድሩ ከቆዩ በኋላ በጉትሎይት ሰፈር ያለችው ቤተ ክርስቲያን በሯን ከፈተችላቸው።

«ይህ የነጮች ነገር ነው» ለምትሉ

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግረው «ይህ የነጮች ፖለቲካ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ትስበክ» አለኝ። እኔ ግን ክርክሩ የእኛም ነው እላለሁ።

ፕሬስቢቴሪያኖች ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1919 ነው፤ አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ወደ ሳዮ፣ ደምቢ ዶሎ ሲመጡ። ከዚያ ሥራ የበቀለችው ቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። የዚያን ጊዜ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን፣ በ1972፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ ለጋሾቿ ታዋቂ ደብዳቤ ጻፈች። አሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ለጉድጓድ ውኃና ለክሊኒክ ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ ለስብከት ግን ትነፍጋላችሁ፤ ሰውን ለሁለት አትክፈሉት፤ ነፍስና ሥጋው አንድ ነው። ደብዳቤው በዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ዘንድ ትልቅ ውይይት አስነሣ። ቄስ ጉዲና በደርግ ጊዜ ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቢያገኙም መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ ሐምሌ 28 ቀን 1979 አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተገደሉ።

ለኦርቶዶክሶችም እንግዳ አይደለም። ነገሩን ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት ብዙ ማብራራት አላስፈለገኝም። «ደብር ገብታ ተማጸነች በለኛ!» አለችኝ። በእርግጥም በጎንደር ዘመን የእጨጌ ቤት ሰፈር የታወቀ መማጸኛ ነበር፤ ከባላጋራው ወይም ከገዥ የሸሸ ሰው እዚያ ከገባ አይነካም ነበር። በጎጃምም እንዲሁ የተከበሩ አድባራት ነበሩ። የእናቴ ቃል ጀርመኖቹ ካስረዱኝ ሁሉ የበለጠ አስረዳኝ።

አሠራሩ እንዴት ነው?

አንደኛ፦ የመጨረሻ አማራጭ ነው። መጀመሪያ ጠበቃና የስደተኞች ምክር ቢሮ ይታያል። ከጉዳዮቹ አብዛኞቹ «ደብሊን» የሚባሉት ናቸው፤ ማለትም ጥያቄውን ማየት ያለበት መጀመሪያ የተገባበት አገር ነው ተብሎ ወደዚያ መመለስ።

ሁለተኛ፦ የአጥቢያው ጉባኤ ታሪኩን ሰምቶ በድምፅ ይወስናል። የተለየ ችግር፣ ማለትም ሕመም፣ የደረሰ ጥቃት ወይም እንደ ጎዳና ሕይወት ያለ አደጋ መኖሩን ይመረምራል። ሃይማኖት መለኪያ አይደለም፤ ሙስሊሞችም ይገባሉ። ክፍያ የለም። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አጭበርባሪ ነው፤ ሽሹት።

ሦስተኛ፦ መደበቅ አይደለም! ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ሰውዬው በገባበት ቀን ስሙና አድራሻው ለስደተኞች መሥሪያ ቤቱ፣ ለባምፍ፣ እና ለውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ይላካል። ባለሥልጣኑ የት እንዳለ ያውቃል።

አራተኛ፦ በየካቲት 2015 ቤተ ክርስቲያኖቹና ባምፍ በተስማሙት መሠረት አጥቢያው ዶሴ አዘጋጅቶ ይልካል፤ ለምን ይህ ሰው እንዳይመለስ እንደሚጠይቅ በዝርዝር። ከ2018 ወዲህ ለዚህ የተሰጠው ጊዜ አራት ሳምንት ነው። ባምፍ አንዳንዱን ይቀበላል፤ አብዛኛውን ግን አይቀበልም።

አምስተኛ፦ ቀኑ ይቆጠራል። ሌላው አገር «እቀበላለሁ» ካለ በኋላ ጀርመን ለመመለስ ያላት ጊዜ በመደበኛው ስድስት ወር ነው። ካለፈ ጉዳዩ የጀርመን ይሆናል። ሰውዬው ከጠፋ ግን ጊዜው ወደ 18 ወር ይራዘማል። በ2018 መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ያሉትንም «ጠፍተዋል» ብሎ 18 ወር ይቆጥርባቸው ጀመር። በ2020 ግን የፌዴራሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አድራሻው የታወቀ ሰው ጠፍቷል ሊባል አይችልም አለ። አሁን ግን ተጠንቀቁ፦ ደብሊንን የሚተካው አዲሱ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2026 አጋማሽ ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ በጠፋ ሰው ላይ የሚቆጠረውን ጊዜ እስከ ሦስት ዓመት ያደርሰዋል። ስለዚህ የድሮ ምክር ይዛችሁ ለሰው አትንገሩ፤ ወደ ምክር ቢሮ ውሰዱት።

ስድስተኛ፦ ዋስትና የለውም። ሕጉ ለቤተ ክርስቲያን የተለየ መብት አልሰጣትም፤ ፖሊስ እንዳይገባ የሚያግደው ልማድና አክብሮት ነው። ለምሳሌ በታኅሣሥ 2023 ሽቬሪን ውስጥ ፖሊስ የአንድ የአፍጋኒስታን ቤተሰብ አባላትን ለማባረር ወደተጠጉበት ቤት ገብቷል።

መጠኑን ለማወቅ ያህል፣ በ2023 ለባምፍ የተነገረው የቤተ ክርስቲያን ጥገኝነት 2,065 ሲሆን በ2024 ደግሞ 2,386 ነበር። በ2023 በጀርመን አዲስ የጥገኝነት ጥያቄ ያቀረቡት ከ300,000 በላይ ናቸው። እንግዲህ ነገሩ የባሕር ጠብታ ነው። ለገባው ሰው ግን ሙሉ ሕይወት ነው።

የእኔ ስሕተት

ወደዚያ ማክሰኞ ልመለስ። እህታችን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ከጽዋው ሳታነሣ ታወራ ነበር። መምህርቷ «ከአገርሽ መቼ ወጣሽ?» ብላ ጠየቀቻት። «ጥቅምት 2014» አለች። እኔም ሳላስብ በጀርመንኛ «ኦክቶበር 2014» አልኩ።

የሕግ ተማሪዋ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረች። «ባምፍ የጻፈው ቃል ላይ 2021 ይላል» አለች። ዝምታ ሆነ። የሒሳብ ባለሙያው እስክሪብቶውን አንሥቶ አንድ ነገር ጻፈ። እህታችን የሰዎቹ ፊት መለወጡን አይታ ወደ እኔ ዞረችና ቀስ ብላ «ምን አጠፋሁ፣ ወንድሜ?» አለችኝ።

ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጥቅምት 2014 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በእነሱ ኦክቶበር 2021 ማለት ነው። ይቅርታ ጠይቄ የዘመን አቆጣጠራችንን አስረዳሁ። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳለ፣ ቀኑም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ብሎ እንደሚጀምር ጭምር። ሳቁ፤ ክፍሉ ለቀቅ አለ። የሒሳብ ባለሙያው ግን አልሳቀም። «ይህን ሁሉም አስተርጓሚ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። በየቢሮው ስንት ሰው በዚህ ምክንያት «ቃሉ ይጋጫል» ተብሎ ይሆን?

ሌላም ነበር። «እዚያ ብትመለሺ ምን ይደርስብሻል ብለሽ ታስቢያለሽ?» ሲሏት «እግዚአብሔር ያውቃል» አለች። ቃል በቃል ብተረጉመው «አላውቅም» ያለች ይመስላል። እሷ ግን እንዲህ ያለችው ስለምታውቅ ነው፤ በአፏ ልታወጣው ስላልቻለች። በዚህ ጊዜ ተጠንቅቄ ቃሏን እንዳለ ካልኩ በኋላ በአማርኛ እንዲህ ሲባል ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ጨምሬ አስረዳሁ፤ ለእሷም ያልኩትን ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ የታተመው በዚህችው ከተማ፣ በ1698 ነው። የጻፈው ፍራንክፈርት ይኖር የነበረው ሂዮብ ሉዶልፍ ሲሆን ቋንቋውን ያስተማረው ከመካነ ሥላሴ የመጣ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ፣ አባ ጎርጎርዮስ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፎም በዚህች ከተማ አንድ ሰው አማርኛ በትክክል ባለመተርጎሙ ሌላው ሊጎዳ ነበር። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ውሳኔው

ከዚያ በኋላ እኛን ወደ ኮሪደሩ አስወጡን። በሩ ሲከፈት ፓስተሯ ቁጥሩን ነገረችን፦ ሰባት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ። የተቃወመው የባቡር ሠራተኛው ነው። ለምን እንደሆነ በግልጽ ነገረን፤ ሕግ ለሁሉም እኩል መሆን አለበት፣ አጥቢያ እየመረጠ ሊምር አይገባም ባይ ነው። ቀጥሎ ግን የተራ ሰሌዳውን ስቦ ስሙን ሰኞ ማታ ላይ ጻፈ። «ጉባኤው ከወሰነ የእኔም ውሳኔ ነው» አለ። ሽማግሌነት በእነሱ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

እህታችን ከሰንበት ትምህርት ክፍሉ ጀርባ ባለች ትንሽ ክፍል ገባች። ከግቢው መውጣት አትችልም። ምግቧንና ሕክምናዋን አጥቢያው ቻለ። ነርሷ ሐኪም ፈለገችላት፤ መምህርቷ ጀርመንኛ አስተማረቻት። እኔ ረቡዕ ረቡዕ እሄድ ነበር። ዶሴው ተልኮ ውድቅ ሆነ፤ አጥቢያው ግን አላስወጣትም። ክረምቱ ረጅም ነበር። አንድ ቀን መስኮቱ ጋ ቆማ የትራም ተሳፋሪዎችን እያየች «እስር ቤት አይደለም፤ ግን እግሬ ረሳ» አለችኝ። በፀደይ ወራት ቀኑ አለፈ። አሁን ጉዳይዋ በጀርመን እየታየ ነው። ወረቀት አላገኘችም፤ ያገኘችው የሚሰማት ጆሮ ነው።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሌላ የአገራችን ልጅ በስልክ አገኘኝ። ታሪኩ ከእሷ የሚብስ እንጂ የሚሻል አልነበረም። ይዤው ወደዚያው ጉባኤ ሄድኩ። መልሱ «ክፍሉ ገና አልተለቀቀም፤ ሌላ የለንም» ሆነ። ሌሎች አጥቢያዎችን ጠየቅን፤ ተራ ሲጠብቅ ቀኑ ደረሰና ተወሰደ። የባቡር ሠራተኛው ክርክር ያን ዕለት ትዝ አለኝ። አንዷ የገባችው፣ ሌላው ያልገባው በበደላቸው ልክ አይደለም፤ በክፍል ብዛት ነው። ለዚህ መልስ አለኝ አልልም። ክፍሉ ከነጭራሹ ባይኖር ኖሮ ግን ፍትሕ ይጨምር ነበር ብዬም አላምንም።

እኛ ምን እናድርግ?

ክፍል የለን ይሆናል፤ ቋንቋ ግን አለን። በዚህ ከተማ ያሉት አጥቢያዎች እንደነገሩኝ ትልቁ ችግራቸው ታሪኩን አስተካክሎ የሚያስረዳቸው ሰው ማጣት ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ የምትችሉ፦ በወር አንድ ማታ በቂ ነው። ስታስተረጉሙ የምትጨምሩትም የምትቀንሱትም እንዳይኖር፤ ማብራሪያ ካስፈለገ ማብራሪያ መሆኑን ለሁለቱም ወገን ተናገሩ። የሰሙትን ሁሉ ለማንም አለማውራት ደግሞ ግዴታ ነው፤ ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፣ ወሬ ቶሎ ይደርሳል።

ሃይም ውስጥ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ያላችሁ፦ ደብዳቤ ሲመጣ በዚያው ቀን ይከፈት። ለይግባኝ የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ፖስታውንም አትጣሉት፤ የደረሰበት ቀን የሚቆጠረው እሱ ላይ ከተጻፈው ነው። ከኢንተርቪው በፊት ደግሞ አብራችሁት ተቀመጡና እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር በወረቀት ላይ ጻፉለት። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። እኔ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ይህን ሳላደርግ ከማንም ጋር ወደ የትኛውም ቢሮ አልሄድም።